ቀለም ማስለቀቅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ ከበሩ አላለፉም። አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ቆሙ፤ ሃምሳን የተሻገረችውን ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው የአራስ ቤት ሸተተኝ? እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበል እንዴ?»

ባለቤቴ አልመለሰችም። በአገጯ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አመለከተቻቸው። መስኮቱ ላይ ድሮ የማር ማስቀመጫ የነበረ ብልቃጥ ተቀምጧል። ውስጡ ጠጅ የመሰለ ፈሳሽ አለ፤ ከፈሳሹ ሥር የአውራ ጣት አንጓ የሚያካክሉ ሰባት ወታደሮች ተጋድመዋል።

«ዴቶል ነው» አልኩ።

«ለማን?»

«ለእነሱ።»

እትዬ ተጠግተው አዩ፤ አማተቡ፤ ቡናውን ግን ጠጡ። በረካው ላይ ሲደርሱ እንደገና ወደ መስኮቱ ዞር ብለው «እና አሁን ይድናሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ይድኑ አይድኑ ገና አልታወቀም፤ ለጊዜው እየተነከሩ ነው። ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ነገር ይህ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ትለዋለች። እዚህ ለንደን እሑድ እሑድ ጠዋት ሰዎች የቤታቸውን ትርፍራፊ በመኪና ጭነው ወደ አንድ ባዶ ሜዳ ይመጡና የመኪናውን ኋላ ከፍተው ይሸጣሉ፤ ካር ቡት ይሉታል። አሮጌ መጥበሻ፣ አንድ እግር ጫማ፣ የቆመ ሰዓት፣ ማንም የማያዳምጠው ካሴት። ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ የጫማ ካርቶን አይጠፋም፤ ውስጡ የሆነ ሰው ልጅ ሳለ የተጫወተባቸው የብረት መኪናዎችና ወታደሮች ተደበላልቀው ይተኛሉ። ቀለማቸው ተላልጧል፤ ያልተላጠውን ደግሞ ሌላ ሰው በላዩ ደርቦ ቀብቶበታል። እኔ የምገዛው እነዚህን፣ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው አይቶ የሚያልፋቸውን ነው። አምጥቼ ቀለሙን አነሣለሁ፤ ከዚያ እንደገና እቀባለሁ።

«አነሣለሁ» አልኩ እንጂ ይህን ሥራ በአማርኛ ምን ብዬ እንደምጠራው ብዙ ጊዜ ተቸግሬያለሁ። መላጥ እንዳልለው የሚላጠው ድንች ነው፤ መላጥ ቢላ ይጠይቃል፤ እዚህ ሥራ ላይ ቢላ የገባ ዕለት ደግሞ ነገር አበቃ። መግፈፍ የበግ ነው። መፋቅ ትንሽ ይቀርባል፤ ጥርስ ይፋቃል፣ ብራናም ይፋቃል፤ ቁም ጸሐፊው የሳተውን ቃል በስለት ፍቆ ነው ትክክለኛውን በቦታው የሚጽፈው። ግን የተፋቀ ብራና ቦታው እንደሳሳ ይቀራል፤ ወደ ብርሃን ከፍ ስታደርገው ያስታውቃል። እኔ የምፈልገው ብረቱ አንዳች ሳይሳሳ ቀለሙ ብቻ እንዲሄድ ነው። በመጨረሻ የገላገለኝ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ፣ አሁን እዚሁ የሚኖር መካኒክ ወዳጄ ነው። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው።

«ማስለቀቅ ነው የሚባለው» አለኝ። «ቀለም ማስለቀቅ።»

ወደድኩት። ተከራይ ቤት ይለቃል፤ ርካሽ ነጠላ ጥለቱ ቀለም ይለቃል፤ ታጋች ይለቀቃል። በዱላ የሚደረግ ማስለቀቅ እንዳለ ባልክድም፣ የእኔ ሥራ ግን እንደ ሽማግሌ ልመና ነው። ትነክረዋለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ታየዋለህ፣ መልሰህ ትነክረዋለህ።

ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ዋናው ተከራካሪ ግን ወታደር አይደለም፤ ላንድሮቨር ነው። በሦስት ፓውንድ ገዛሁት። ስገዛው ከላይ የብር ቀለም በወፍራሙ ተለቅልቆ ነበር፤ የቀባው ልጅ ቀለሙን አልሰሰተም። መከላከያው ጥግ ላይ የብሩ ቀለም ከለቀቀበት ሰማያዊ ብቅ ብሎ ነበር፤ ሰማያዊው ከተላጠበት ደግሞ ብርቱካናማ። ሦስት ካፖርት ደርቦ በሐምሌ የቆመ ሰው ይመስል ነበር።

ላንድሮቨር ለእኔ ትውልድ የእንግሊዝ ነገር አልነበረም፤ የወረዳ ከተማ አቧራ ነው። የባለሥልጣን መምጣት የሚታወቀው ሰውየው ሳይታይ በአቧራው ነበር። የእኔ የራሴ የልጅነት መኪና ግን ከሽቦና ከቆርኪ የተሠራ ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር አልነካውም፤ ስለዚህ ማስለቀቅ የሚባል ጣጣም አልነበረበትም።

ይህኛውን ገልብጬ ሆዱን ሳየው የዲንኪ ስም አለበት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ሲለይብኝ ዓ.ም. እላለሁ። ዲንኪን ያወጣው የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ ድርጅት ነው። ሆርንቢ በ1901 ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው የብረት ቁርጥራጮች በብሎን የሚገጣጠሙበትን መጫወቻ በስሙ ያስመዘገበ ሰው ነበር፤ በኋላ ሜካኖ የተባለው ነው። ትናንሾቹ መኪናዎች ዲንኪ የሚለውን ስም ይዘው የወጡት በ1934 ነው። ሆርንቢ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። እውነተኛው ላንድሮቨር በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ፤ የዲንኪው ትንሹ ላንድሮቨር በ1950 ተከተለው። በሊቨርፑል ቢንስ ሮድ ላይ የነበረው ፋብሪካ የተዘጋው በኖቬምበር 1979 ነው። እንግዲህ ይህ መኪና ከተሠራበት ቤት በላይ ኖሯል፤ ምናልባት ብርቱካናማውን በሰማያዊ ከሸፈነው ልጅም በላይ።

ቀለም ከማስለቀቅ በፊት ብረቱን ማወቅ ይቀድማል። አማርኛችን እዚህ ላይ አያግዝም። ብረት ብለን ሁሉንም እንጠቀልላለን። እርሳስ የምንለው የተማሪ መጻፊያ ውስጡ ግራፋይት ነው፤ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ሽታውም የለበትም። ጣሪያችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ደግሞ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ከእውነተኛው ቆርቆሮ ጋር ዝምድና የለውም። ከዚህ ሁሉ ግርግር መሀል አንዱን ትንሽ መኪና አንሥተህ «ከምንድን ነው የተሠራኸው?» ማለት አለብህ። እጅ ይመልስልሃል። የእርሳስ ቅይጥ ከባድ ነው፤ የወታደሩን ጠመንጃ በጣትህ ገፋ ብታደርገው ይታጠፋል። የዚንኩ ቀለል ይላል፣ አይታጠፍም፣ በጥፍርህ መታ ስታደርገው ደረቅ ድምፅ ይሰጣል።

መኪናዎቹ የዚንክ ናቸው። ዚንክ ላይ ከመቶ አራት እጅ ያህል አሉሚኒየም፣ ጥቂት ማግኒዚየምና መዳብ ተጨምሮበት ዛማክ የሚባል ቅይጥ ይሠራል፤ ስሙ የአራቱ ብረቶች የጀርመንኛ ስሞች መጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በ1929 አሜሪካ ውስጥ አንድ የዚንክ ኩባንያ ያወጣው ነው፤ እንግሊዞቹ ማዛክ ይሉታል። ጥሩ ነገር ነው፤ በአንድ ሁኔታ ብቻ። ሲቀልጥ ትንሽ የእርሳስ ጉድፍ ከገባበት፣ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበላል፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻ በእጅ ይፈረፈራል። ፈረንጆቹ የዚንክ ተባይ ይሉታል። እኔ ነቀዝ ነው የምለው፤ ነቀዝ የበላው ስንዴም እንዲሁ ከውጭ ደህና መስሎ ነው ስትጨብጠው ዱቄት የሚሆነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙ ዲንኪዎች በዚህ አልቀዋል። አንዴ እንዲህ ያለ ደህና የመሰለ አሮጌ የጭነት መኪና ነከርኩ፤ በማግሥቱ ቀለሙ ሲለቅ መኪናውም አብሮ ለቀቀ። ለካ አንድ ላይ ይዞት የነበረው ቀለሙ ነው።

የሚነከርበትን ነገር በተመለከተ ዓለም ሁሉ የራሱ መድኃኒት አለው፤ እንደ አገራችን የጉንፋን መድኃኒት። ጋሼ ዴቶሉን ሲያይ ሳቀብኝ።

«የፍሬን ዘይት እያለ ዴቶል ትገዛለህ?»

ልክ ነው። በጋራዥ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጋሼ ራሱ ልጅ ሆኖ ገና ሥራ ሲለምድ፣ የፍሬን ዘይት ጣሳ የደንበኛ ቮልስዋገን ኮፈን ላይ ደፋ አሉ፤ ዋናው መካኒክ ከምሳ ሲመለስ ቀለሙ እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማዶ ጠበቀው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ግላይኮል ከሚባል ወገን ስለሆነ ቀለም ያለሰልሳል፤ ሲሊኮን የሆነው ግን ምንም አያደርግም፤ ብትነክር ዓመት ይቆያል። እኔ አልተጠቀምኩበትም። በቆዳ የሚገባ መርዝ ነው፤ ወጥ ቤትም ውስጥ ነው የምሠራው። ጋሼ ይህን ስለው «ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው?» ብሎ ባለቤቴን በአዘኔታ አያት።

ድሮ ዲክሎሮሜቴን ያለበት ቀለም ማስለቀቂያ ነበር፤ በአሥር ደቂቃ ሁሉን ነገር ያነሣል ይላሉ አሮጌዎቹ በናፍቆት። ትነቱ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ከ2012 ወዲህ ለተራ ሸማች አይሸጥም። አሴቶን፣ ያው ሴቶች ጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበት፣ ለእርሳሱም ለዚንኩም ደህና ነው፤ ብረቱን አይነካም። ፕላስቲክን ግን ይበላል። ኮርጊ የሚባሉት መኪናዎች በ1956 ሲወጡ መኩሪያቸው መስኮት ያላቸው መሆኑ ነበር፤ መስኮቱ የፕላስቲክ ነው። መስኮቱን ሳታወጣ አሴቶን ውስጥ የከተትከው ኮርጊ ዓይነ ስውር ሆኖ ይወጣል። እሳትም ይፈራል፤ ቡና በሚፈላበት ቤት አሴቶን ክፍት አይተውም።

ኮስቲክ ሶዳ ግን በመከራ አስተምሮኛል። ሳሙና የሚሠሩ እናቶች ሲጠነቀቁለት አይቼ አድጌ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ዚንክም አሉሚኒየምም ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ተስማምተው አያድሩም፤ ብረቱ ራሱ ይሟሟል፣ ሃይድሮጂን እያረፋ ይወጣል። አሮጌዎቹ የእጅ ባለሙያዎች ለጥቂት ደቂቃ ነክረው ያወጣሉ። እኔ አንዲት ትንሽ መኪና ከትቼ «ሌሊቱን ትደር» አልኩ። ጠዋት ያገኘሁት ጥቁር፣ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ነገር ነው። የበር መክፈቻዋ፣ የመብራቶቹ ክብ፣ የሞተር መተንፈሻው መስመር ጠፍተዋል። ቀለሙ ግን፣ ልንገርህ፣ ድራሹ አልነበረም።

ስለዚህ ዴቶል። ዝግተኛ ነው፤ ምንም ብትረሳው ክፉ አያደርግም። በተለይ ልጆች በዘመናችን በሚቀቡት በውኃ በሚበጠበጠው ቀለም ላይ ይጎብዛል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም የተማርኩት በራሴ እጅ ነው። ዴቶል ውኃ ሲነካው እንደ ወተት እንደሚነጣ ማን አያውቅም? ምክንያቱ የጥድ ዘይት ነው፤ በአልኮልና በሳሙና ተይዞ ሟሙቶ ይቆያል፤ ውኃ ሲበዛበት ይለያይና ደቃቅ ጠብታ ይሆናል። ኡዞ ውኃ ሲጨመርበት የሚነጣውም በተመሳሳይ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ወታደሮች ከዴቶሉ አውጥቼ እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ቧንቧ ሥር አስገባኋቸው። የላላው ቀለም፣ ዘይቱና ውኃው ተገናኝተው ሙጫ ሆኑ። ሙጫ ስል የቆሪጥ ሙጫ፤ ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ ከወታደሩ ወደ ጣቴ፣ ከጣቴ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ ባለቤቴ ፎጣ። ሦስት ቀን እጄን ለሰው ሳልዘረጋ በክርኔ ሰላም አልኩ። መንገዱ ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ እዚያው ንጹሕ ዴቶል ውስጥ መቦረሽ፣ ከዚያ ያልቀጠነ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ውኃ በመጨረሻ። ሁሉም ሰው ይህን የሚያውቀው ከፎጣው በኋላ ነው።

የሚቦረሽበት ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነው። የጥርስ ብሩሽ በቤታችን ሁለት ዕድሜ አለው፤ ሁለተኛው ይበልጣል። መፋቂያ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሞክሬዋለሁ። ጭራው ይጠነክራል፤ ጥሩ የወይራ መፋቂያ እርሳስ ላይ ጭረት ያወጣል። ለድድ የምናስበውን ያህል ለስላሳ አይደለም ማለት ነው።

አሁን የምወደው ክፍል። ብልቃጡ ውስጥ ያሉት ሰባቱ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ወታደሮች ናቸው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኖቲንግሃምሻየሯ ኒውዋርክ ከተማ ሲታደል የሚባል ድርጅት መሥራት የጀመራቸው ዓይነት። ቀራጺው አንዱን በትንንሽ መሣሪያ በሚደርቅ ሊጥ ይቀርጻል፤ ከሱ ላይ የጎማ ቅርጽ ይወጣል፤ ጎማው እየተሽከረከረ የቀለጠ የእርሳስ ቅይጥ ይፈስበታል፤ ሽክርክሪቱ ብረቱን እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ይገፋዋል። እንዲህ የወጣ ፊት የምስር ፍሬ ቢያክል ነው። ከዚያ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በአነስተኛ ጣሳ የሚሸጠውን ወፍራም የዘይት ቀለም ይዞ ይመጣል። አንዴ ይቀባል፤ አያምርም፤ ሁለተኛ ይደርባል። ገበያ ላይ ያየኋቸው ጊዜ ሰባቱም ፊት አልነበራቸውም፤ ቀይ ድቡልቡል ብቻ።

ብሩሹን ስታሳርፍ ቀዩ ይነሣል፤ ሥሩ ያለው ሮዝ ይነሣል፤ ከዚያ ድንገት አንድ የዓይን ቆብ ታያለህ። ቀጥሎ ጥርስ። አንዱ ወታደር ለካ ጉንጩ ላይ የስፌት ጠባሳ ነበረው፤ አንዱ ይጮኻል፤ ሌላው ደግሞ፣ ስድስቱ ሲዋጉ እሱ ወደ ኋላ እያየ ነው። ያ ቀራጺ ይህን ማንም በዓይኑ ሊያየው በማይችል መጠን ቀርጾ፣ ልጁ በአንድ ብሩሽ ሸፍኖት፣ ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ በአንድ ወጥ ቤት በዴቶል ይገለጣል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች፤ ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ፈሪ ነው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሽታው የምታነሣው በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው።

እርሳስ ሲነሣ አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እዚሁ ለንደን የብሪቴን ቤተሰብ በ1893 የእርሳስ ወታደርን ሆዱን ባዶ አድርጎ መሥራት ጀመረ። የቀለጠውን ብረት ቅርጹ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ዳር ዳሩ ሲረጋ ፈጥነው ገልብጠው የቀረውን ያፈሱታል፤ ቅርፊቱ ብቻ ወታደር ሆኖ ይቀራል። እርሳሱ ስላነሰ ዋጋውም አነሰ፤ ደንዳናውን ወታደር ይሠሩ የነበሩት ጀርመኖች ገበያቸውን ተቀሙ። ፋብሪካው የነበረው በሰሜን ለንደን ሆርንሲ ራይዝ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ሰሞን ይኸው ፋብሪካ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት የክብር ዘበኞች በሳጥን አሰልፎ ለገበያ አወጣ። የጣሊያን እግረኛ ወታደሮችንም አወጣ። ልጁ ሁለቱንም ገዝቶ ምንጣፍ ላይ ያዋጋል። ጃንሆይ በግንቦት 1928 ዓ.ም. በስደት መጥተው ዋተርሉ ጣቢያ በወረዱበት ዘመን የእርሳስ ዘበኞቻቸው በዚችው ከተማ ይሸጡ ነበር።

እነዚህን ዘበኞች አንድ የሰብሳቢዎች ገበያ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ። የአንዱ ትከሻ ላይ ቀለሙ ጤፍ በምታህል ቦታ ለቅቆ ግራጫው እርሳስ ይታያል። ቀለማቸው ቢለቅ የእኛው ዘበኛና ጣሊያኑ ያው አንድ የእርሳስ ድስት ውስጥ የነበሩ ናቸው። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው ልል አይደለም፤ የወረረና የተወረረ አንድ አይደለም። እኔን የያዘኝ ቀቢዋ ናት። በዚያ ፋብሪካ ወታደር የሚቀቡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። አንዷ ጠዋት የዘበኛውን ጥቁር ፊት ቀብታ፣ ብሩሿን አጥባ፣ ከምሳ በኋላ የጣሊያኑን ስትቀባ ምን አስባ ይሆን? ምናልባት ስለ እራት። ያንን ቀለም የሚያስለቅቅ ሰው ግን እጁ ይቆረጥ። የሷ ሥራ ያለው ቀለሙ ላይ ብቻ ነው።

እርሳስ ይወደዳል እንጂ አይታመንም። በነዚያ ዘመናት መጫወቻው ብቻ ሳይሆን ቀለሙም ራሱ እርሳስ ይኖረው ነበር፤ የብሪቴን ፋብሪካ የእርሳስ ወታደር መሥራት ያቆመው በ1966 ነው። የጨዋታዎቹ ወታደሮች እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ እርሳስ ነበረባቸው። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፤ አቧራው ሳንባ ይገባል፤ ልጅ ባለበት ቤትማ ጭራሽ። እርጥብ ሆኖ ይሠራል፤ ጓንት ይደረጋል፤ ብልቃጡ ማር ወደ መያዝ አይመለስም። በአገራችንም በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከሚሊዮን ዘጠና እጅ እንዳያልፍ ገድቧል። ቀለም የለቀቀ እርሳስ ደግሞ ራቁቱን ነው፤ የኮምጣጤ ትነት ይበላዋል፤ ነጭ ዱቄት ያወጣል። የኦክ እንጨት ይህን ትነት ቀስ እያለ ይተፋል። በሚያምር የኦክ ቁም ሣጥን ውስጥ በክብር የተደረደሩ ስንት የእርሳስ ጦሮች ያለ ጥይት አልቀዋል።

ወደ ላንድሮቨሩ ልመለስ። የእሱን ቀለም ዴቶል አልደፈረውም። የብር ቀለሙ ትንሽ ለዘበ እንጂ አልወረደም፤ ስለዚህ ገበያ ላይ ወዳለው ለዘብ ያለ ማስለቀቂያ ቅባት ዞርኩ። ቀባሁት፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት የብሩ ቀለም እንደ ወተት ስልባቦት ተነሥቶ ተሸብሽቧል። በብሩሽ ከመንካቴ በፊት መስኮቱ ጋ ወስጄ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረግኩት። በሩ ላይ፣ ከሽብሽቡ መሀል፣ አንድ የጣት አሻራ አለ። ትንሽ፤ የአዋቂ ጣት አይደለም። ቀለሙ ሳይደርቅ የነካው ልጅ፣ «አትንካ፣ አልደረቀም» ተብሎ የነካ። ቀለሙ ደህና ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ አላየሁትም፤ ያየሁት ሲለቅ ነው። ስልኬን ላመጣ ሮጥኩ። ስመለስ ስልባቦቱ ወርዶ ነበር።

ሰማያዊው በማግሥቱ ለቀቀ፤ ውስጡ አንድ የብሩሽ ፀጉር ተቀብሮ አገኘሁ። ብርቱካናማው ግን የፋብሪካ ነው፤ በምድጃ ሙቀት የተጋገረ ቀለም ነው፤ ሦስት ቀን ተከራከረኝ። ሲለቅ የወጣው ብረት ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ፣ የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር፣ የሞረድ ጭረት፣ የመብራቱ ክብ፣ ሁሉም እንደ ሠርግ ማግሥት ፊት ተገልጦ ቆመ። ከወለሉ በታች፣ ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብርቱካናማ ቀርታለች፤ ተውኳት።

እንደገና መቀባቱን ባጭሩ ላሳልፈው፤ ታጥቦ ይደርቃል፣ ግራጫ ፕራይመር በስሱ ይነፋበታል፣ ከዚያ ዋናው ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ። ልጆቹ ያላደረጉት ይህቺን «በስሱ» የምትባለዋን ብቻ ነው። ብርቱካናማ ልቀባው አስቤ ነበር። የወረዳችን ላንድሮቨር ግን አረንጓዴ ነበር፤ ፋብሪካውም አረንጓዴውን ያወጣ ስለነበር ሐሰት አይባልብኝም ብዬ አረንጓዴ ቀባሁት። ጋሼ አገላብጦ አየና «ለዚህ መከላከያ ስቱኮ አልጨመርክም?» አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

ባለፈው እሑድ ይዤው ወደዚያው ሜዳ ሄድኩ። የሸጠልኝ ሽማግሌ እዚያው ቦታው ላይ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ አየው፤ ሆዱን ገለበጠ፤ ያቺን የሩዝ ፍሬ አያት፤ ፈገግ አለ።

«አሁን ስንት ያወጣል?» አልኩት።

«ሦስት ፓውንድ።»

ወታደሮቹ እስካሁን ብልቃጡ ውስጥ ናቸው። አምስቱ ለቀዋል፤ ሁለቱ አልለቀቁም።